የባቦጋያ ቅዳሜዎች

ባለፈው ሰሞን ከባምቢስ ወደ ካዛንቺስ በእግሬ ስወጣ፣ አንድ ዘበኛ አዲስ የቆመ የእንጨት አጥር በአሮጌ ጨርቅ የተቃጠለ ዘይት ሲቀባ አየሁ። ከጋራዥ የሚወጣው ያ ጥቁር፣ ያገለገለ የሞተር ዘይት ነው፤ ምስጥ እንዳይበላው እንጨት ይቀቡታል። የቀትር ፀሐይ እንጨቱን አግሎት ሽታው መንገዱን ተሻግሮ ይመጣ ነበር። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ግን ቆምኩ። ዘበኛው ቀና ብሎ፣ «እህቴ፣ የሚፈልጉት ነገር አለ?» አለኝ። ምን ልበለው? የለም ብዬ አለፍኩ፤ ግን ቢሮዬ እስክገባ ድረስ ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ያለችው ቤት እንደዚያ ነበር የምትሸተው። ቅዳሜ ከሰዓት ቁልፉን አዙረን በሩን ስንገፋው፣ ሳምንቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመው የተቃጠለ ዘይት፣ የእርጥብ ስፖንጅ ፍራሽና ከሐይቁ የሚመጣው የፊላ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ይቀበለናል። አብሮ አደጌ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሮጣ መስኮቶቹን ትከፍታለች። ብርሃኑ ከውሃው ላይ ነጥሮ ይገባና ጣሪያው እንጨት ላይ ይርገበገባል። እኔ ካሜራዬን ከቦርሳ አወጣለሁ፤ እሷ ጸጉሯን ትፈታለች፤ በቃ፣ ቅዳሜያችን ተጀመረ ማለት ነው። ያኔ ሁለታችንም በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበርን።

አንዴ ቢሮ ሻይ ስንጠጣ፣ «ካሜራ እያለሽ ለምንድነው ሰው የማታነሺው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ወሬ ቀይሬብሽ ነበር። እስቲ ዛሬ ልንገርሽ።

እኔና እሷ ያደግነው እዚሁ ካዛንቺስ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተን ነው። የቀበሌ ቤት ነበር፤ ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ እሷ በወዲያ በኩል ስታነብ እኔ በወዲህ በኩል ትምህርቱን እይዘው ነበር። እናቴ የሞተችው እኔ ገና ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ስለሆነ፣ አባቴ ከሥራ እስኪመለስ የምበላውም የምውለውም እነሱ ቤት ነው። የእሷ እናት ለእኔም ግማሽ እናት ነበሩ።

እናቷ ባልትና ይሠሩ ነበር። የሰው በርበሬ ይቀነጥሳሉ፣ ያጥባሉ፣ ይደልዛሉ፣ ያሰጣሉ። ባላቸው በወጣትነታቸው ሞተውባቸው ልጃቸውን ኮሌጅ ያስገቡት በዚያ እጅ ነው። በጋ ሲሆን ግቢያችን በሙሉ ቀይ ነው። እንግዳ ሰው ገና በሩ ላይ ሳለ ያስነጥሳል። ትምህርት ቤት «የበርበሬ ልጆች» ይሉን ነበር። እኔ አብሬያቸው እስቅ ነበር። እሷ አትስቅም። ዩኒፎርሟን ራሷ ታጥብና ሽታው እንዳይገባበት ብላ ከግቢው ውጪ፣ የጎረቤት አጥር ላይ ነበር የምታሰጣው። እናቷ ይህን እያዩ አንድም ቀን ምንም አላሏትም። እንዲያውም ጎረቤቲቱን አስፈቅደው ገመድ የወጠሩላት እሳቸው ናቸው።

የባቦጋያዋ ቤት የአጎቷ ነበረች። የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ። በደህናው ጊዜ ሐይቁ ዳር ትንሽ መሬት አግኝተው የሠሯት ባለሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ናት፤ በረንዳዋ ወደ ውሃው ያያል። እሳቸውና ሚስታቸው ልጅ አልነበራቸውም። እግራቸውን መታመም ሲጀምሩ ከአዲስ አበባ መመላለሱ ከበዳቸውና ቁልፉን ለእሷ ሰጧት። «ቤት ሰው ካልገባበት ይፈርሳል፤ ቅዳሜና እሁድ እየሄድሽ መስኮቱን ክፈቺለት» ነው ያሏት። ከዚያ በቀር ምንም አላሏትም።

እኔ አንድ አስመጪ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ እሷ እዚያው ካዛንቺስ የአየር ትኬት ቢሮ ትሠራ ነበር። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርተን መስቀል አደባባይ እንገናኛለን። በባቡር በላንቻ አድርገን ቃሊቲ እንወርዳለን፤ ከዚያ በሚኒባስ ቢሾፍቱ፤ ከዚያ በባጃጅ አቧራውን እየቃምን እስከ ሐይቁ አፋፍ። ካሜራዬ ያገለገለ ነበር፤ ረዳቱ ዕቃ ጣሪያ ላይ ጫኑ ሲል እንደ ሕፃን ታቅፌው እቀመጣለሁ።

መጀመሪያ ለጨዋታ ነው። በረንዳው ላይ ቆማ ጸጉሯን ስትታጠብ አነሳኋት፤ ውሃው በፀሐይ ውስጥ እንደ ክር ሲንጠለጠል ይታያል። እሷ ያንን ፎቶ ደጋግማ አየችው። «ይቺ እኔ ነኝ?» አለችኝ። ከዚያ ፔጅ ከፈተች። በየሳምንቱ እኔ አነሳለሁ፣ እሷ እየመረጠች ትለጥፋለች። ከዓሣ አጥማጆቹ የገዛነውን ቆሮሶ ከሰል ላይ ስትጠብስ፤ ጋቢ ተከናንባ ጠዋት ጉም ውስጥ ስትቆም፤ ባዶ እግሯን ከበረንዳው በሚወርደው መሰላል ላይ አንጠልጥላ ስታነብ። ሐይቁ በጠዋት አረንጓዴ ነው፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ይጠቁራል፤ ሲመሽ ደግሞ ለትንሽ ጊዜ የመዳብ መልክ ይኖረዋል። ያቺን ጊዜ ለመያዝ ብዬ ስንቴ ፊላው ውስጥ ጉልበቴ ድረስ እንደገባሁ!

ሰው ወደደው። ከቢሮ ወደ ቤት በታክሲ ሰልፍ የሚንገላታ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እሷን እያየ ተነፈሰ መሰለኝ። «ቤትሽ ሰላም ይሰጣል» ይሏታል። «እንዲህ ያለ ኑሮ ስጠኝ ጌታዬ» ይላል ሌላው። እውነቱን ለመናገር፣ ቤቱ የእኔ ነው ብላ አንድም ቀን ጽፋ አታውቅም። «ቤት ገባሁ» ነበር የምትለው፤ ያንኑ ብቻ። አንድ ጊዜ ግን አጎቷና ሚስታቸው በሰው መኪና መጥተው በረንዳው ላይ አብረዋት ሲቀመጡ አነሳኋቸው፤ እሷ ከሥሩ «ቤተሰብ» ብላ ጻፈችበት። ሺህ ሰው ቤተሰብሽን ይጠብቅልሽ አላት። እኔንም ልቤን ትንሽ ጎረበጠኝ፤ ግን ቃሉ ውሸት አይደለማ። አጎትም ቤተሰብ ነው።

ማን እንደሚያነሳ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ከካሜራው ኋላ መሆኑ ይመቸኝ ነበር። ደግሞ በእነዚያ ቅዳሜዎች ደስተኞች ነበርን፤ ይህን መካድ አልችልም። ዝናብ የያዘን ዕለት ሁለታችን በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን፣ ቆርቆሮው እየጮኸ፣ «ስናረጅ እዚህ ነው የምንኖረው» ትለኛለች። «ጥርሴ ሁሉ ረግፎ ታነሺኛለሽ። እንደዚያም ሆኜ ታሳምሪኛለሽ፣ አውቅሻለሁ።»

እሁድ አመሻሽ ላይ ስንመለስ እናቷ ደጃፉ ላይ ይጠብቁናል። ስልኳን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያያሉ። «ይቺ ልጅ ውሃ ዳር ስትቆም ወፈር ትላለች፤ ደስ ይላል» ይላሉ። ከዚያ ስልኩን ይዘው ጎረቤት ለጎረቤት ይዞራሉ። ሲመለሱ ሁሌም አንድ ነገር ነው የሚሉት፦

«እኔንስ አንድ ቀን ብትወስዱኝ ምናለበት?»

«በሚቀጥለው ሳምንት እማ» ትላለች። ሳምንቱ ሲደርስ ወይ ሥራ አለ ትላለች፣ ወይ መንገዱ ተበላሽቷል ትላለች፣ ወይ «ቁልቁለቱ ለጉልበትሽ አይሆንም» ትላለች። እናቷ ደግሞ «እውነትሽን ነው» ይላሉ።

ከዚያ አንድ ልጅ በፔጁ በኩል መጣ። ነጋዴ ቤተሰብ ያለው፣ ጨዋ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ክፉ ሰው ብዬ ብነግርሽ ውሸት ይሆናል። ስንት ወር ሲጽፍላት ቆይቶ አንድ እሁድ ባቦጋያ መጣ። ብርቱካን ይዞ። በረንዳው ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየና፣ «እዚህ ነው ያደግሽው?» አላት። እሷ ሳቀች። እኔ ካሜራውን ዓይኔ ላይ አድርጌ ስለነበር ሳቋን በቅርብ አየሁት። አዎም አልነበረም፣ አይደለምም አልነበረም።

በኋላ ስለ ወላጆቿ ሲጠይቃት፣ «አባቴ በልጅነቴ ሞተ፤ አጎቴና ሚስቱ...» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። እሱ ሁለቱም የሞቱባት መሰለው። እጇን ያዛት። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ዳግም አላነሳባትም፤ የሰው ቁስል መንካት ነውር ነው ብሎ።

በሚኒባስ ስንመለስ ጠየቅኋት።

«ለምን አትነግሪውም?»

«ምኑን?»

«ስለ እማማ።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። «ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። ማለቴ፣ አሁን ገና ነው። በቃ አታጨናንቂኝ።»

ቀስ ብዬ እንዳለች ሽማግሌ መጣ። የመጀመሪያ ቀን ሽማግሌዎቹ አዲስ አበባ አጎቷ ቤት ሄደው፣ እንደ ወጉ ቆመው ጥያቄያቸውን አቀረቡ። የመልሱ ቀን ግን የልጁ ቤተሰቦች፣ «ያቺን በስልክ የምናያትን ቤት እንያት እስቲ» አሉ። እንግዲያውስ ባቦጋያ ይሁን ተባለ። አጎቷ ሊቀበሉ፣ የአጎቷ ሚስት ሊያስተናግዱ። ለእናቷ «አባት ከሌለ ሽማግሌ የሚቀበለው የአባት ወንድም ነው፤ ወግ ነው» አለቻቸው። ይህ እውነት ነው፤ ወጉ እንደዚያ ነው። እናት አትምጣ የሚል ወግ ግን የለም።

እናቷ ሁለት ቀን ሙሉ ዶሮውን ሲሠሩ ከረሙ። ሽንኩርቱን ማንም እንዲነካባቸው አልፈቀዱም። በርበሬው ለሰው ሳይሸጡ ለዚህ ቀን ብለው ያስቀመጡት ነበር። እሷ ቅዳሜ ቀድማ ሄደች። ምግቡን እሁድ ጠዋት በኮንትራት መኪና ይዞ መሄድ የእኔ ሥራ ሆነ።

ድስቶቹን ጭነን ስንጨርስ እናቷ ከቤት ወጡ። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው። እጃቸውን በሎሚ ፈትገው ስለታጠቡ ቀይ ሆኗል።

«ቦታ አለ?» አሉኝ።

የተጫኑትን ድስቶች ደግሜ ማስተካከል ጀመርኩ።

«ከኋላ እቀመጣለሁ። ድስቱን እይዘዋለሁ፣ መንገድ ላይ እንዳይደፋ።»

ሾፌሩ ያየኛል። እናቷ ያዩኛል። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? በሩን ከፈትኩላቸው። ዛሬም ቢሆን እከፍትላቸዋለሁ።

መንገዱን ሙሉ ድስቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠይቁኛል። ልጁ ጠይም ነው ቀይ? ቁመቱስ? ጾም ይጾማል? ዱከም ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምርቃቱን አስቤዋለሁ» አሉኝ። «ውለዱ ክበዱ እላለሁ። ትዳራችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርገው እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል? አባቷ ቢኖር እሱ ነበር የሚመርቀው። እኔ አፌ አይፈታም።»

«እሱ ይበቃል እማማ» አልኳቸው።

ስንደርስ እሷ በረንዳው ላይ ቆማ አበባ ትደረድራለች። መኪናውን አይታ ፈገግ አለች፤ እናቷ ሲወርዱ ግን ዓይኖቿ ተለወጡ። ከንፈሯ ፈገግ እንዳለ ቀረ።

«እማ... ምነው?»

«ወጡን ይዤ ነዋ የመጣሁት» አሉ እናቷ። «ይደፋል ብዬ።»

የአጎቷ ሚስት ከውስጥ ወጡ። ሳሟቸው፣ ይህን አልክድም። ከዚያ ወደ ጓሮ እያመለከቱ፣ «በዚህ በኩል ይሻላል፤ ድስቱ ከባድ ነው፣ ማድቤቱ በዚህ ነው» አሉ። በዚያው ቅጽበት የሽማግሌዎቹ መኪናዎች አፋፉ ላይ ታዩ። እናቷ ድስታቸውን ይዘው በጓሮ ገቡ።

እኔ ፎቶ እንዳነሳ ታዝዣለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ አነሳሁ። ልጁና አክስቱም አብረዋቸው ነበሩ፤ አክስቱ ወርቅ ያደረጉ፣ ሳቂታ ሴትዮ ናቸው። ቤቱን እየዞሩ አዩ፤ «ልክ እንደ ስልኩ ነው!» አሉ። አጎቷ መልሱን ተናገሩ፤ ልጃችንን ሰጥተናል አሉ። ሁሉም ብድግ ብሎ ተሳሳመ። ከዚያ የሽማግሌዎቹ አለቃ አጎቷንና ሚስታቸውን እያዩ፣ «እንዲህ ያለች ልጅ ላሳደጋችሁ፣ ለአባትነታችሁም ለእናትነታችሁም እግዜር ዋጋችሁን ይክፈላችሁ» አሉ።

አጎቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ማድቤቱ በር አዩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከበሩ ኋላ ማንኪያ ድስት ሲነካ ይሰማል፤ ከዚያ አልተሰማም።

«አሜን» አሉ ሚስታቸው።

«አሜን» አለች እሷም።

ካሜራውን አወረድኩ። ማንሳት አልቻልኩም።

ከምሳው በኋላ የልጁ አክስት ማድቤት ገቡ። እኔ ውሃ ልቀዳ እዚያ ነበርኩ። እናቷ ወንበር ጠፍቶ ይሁን እንጃ፣ ጄሪካን ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን እንዳይቆሽሽ ወገባቸው ላይ አሥረውታል።

«እጅሽ ይባረክ!» አሏቸው አክስትየው። «እንዲህ ያለ ዶሮ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ!» እናቷ ተነሱ። በዕድሜ እናቷ ይበልጧቸዋል፤ «አንቺ» ሲሏቸው ጆሮዬን እንደ ጥፊ አጮለኝ። «የቤቱ ነሽ ወይስ ለዛሬ ነው የመጣሽው? ለሰርጉም እንፈልግሽ ነበር።»

እሷ የብርጭቆ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እናቷ አዩዋት። ረጅም አልነበረም፤ ግን አዩዋት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። «እናቴ» ማለት ስንት ጉልበት ይጠይቃል? ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያ ስስ ግድግዳ በኩል ስንት ሺህ ጊዜ ስትለው ሰምቻታለሁ።

አላለችም።

እናቷ ወደ አክስትየው ተመለሱ። «ለዛሬ ነው የመጣሁት፣ እመቤቴ» አሏቸው። ለልጃቸውም፣ «ሂጂ፣ ብርጭቆውን አድርሺላቸው፤ እየጠበቁሽ ነው» አሏት።

ሄደች።

እንግዶቹ በረንዳው ላይ ሲሳሳቁ እናቷ፣ «ነይ እስቲ፣ ውሃውን አሳዪኝ» አሉኝ። በጓሮ ወጥተን ቁልቁለቱን ወረድን። ቁልቁለቱ ለጉልበታቸው ምንም አልነበረም። አንድም ጊዜ ሳያርፉ፣ ድንጋዩን እየመረጡ፣ ከእኔ ቀድመው ወረዱ። ነፋሱ ተነስቶ ሐይቁ ጠቁሯል። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ነከሩ፤ ፊታቸውን አበሱ።

«ከፎቶው ታንሳለች» አሉ። «እኔ ትልቅ ነበር የመሰለችኝ።»

«ላንሳዎት እማማ?»

ትንሽ አሰቡ። «ተዪው ልጄ» አሉ። «እኔ እዚህ አልመጣሁም።»

ስንመለስ ባዶውን ድስት ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ቃሊቲ ልንገባ ስንል ብቻ፣ «ደህና ልጅ ይመስላል። በበሩ ሽንቁር አየሁት። ሲጎርስ አይጣደፍም» አሉኝ። ምርቃቱን አላነሱትም። እኔም አላነሳሁም።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ እሷ የእኔን በር በርግዳ ገባች። ዓይኗ አብጧል።

«አንቺ ነሽ ያመጣሻት!»

«እናትሽ ናት።»

«ልነግረው ነበር እኮ! ከሰርጉ በፊት ቀስ ብዬ ልነግረው ነበር! አሁን ምን ልበለው? ያቺ ድስት ይዛ የመጣችው ሴትዮ እናቴ ናት ልበለው? አክስቱ ምን ይላሉ?»

«አዎ፣ እሱን በይው። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«አንቺ ምን አለብሽ!» አለችኝ። «አንቺ የሚያይሽ የለም። ሁሌ ከኋላ ነሽ።»

ይህን ብላኝ እሷ ራሷ ደነገጠች። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ሬዲዮ ሲከፈት ሰማን፤ ከዚያ ድምፁ ጨመረ፣ አሁንም ጨመረ። እናቷ አልሰማኋችሁም ማለታቸው ነበር። እሷ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አድርጋ አለቀሰች። አላባበልኳትም። እጄ ሄዶ ነበር፤ ግን መለስኩት።

የሰርግ ካርዱ ለእኔ ብቻ ደረሰኝ፤ ለልጁ እንዳልነገረችው ያኔ ገባኝ። ፎቶ የሚያነሱ ባለሙያዎች ተቀጥረው ነበር። እኔ አልሄድኩም፤ የዚያን ዕለት ከእናቷ ጋር ዋልኩ። ጠዋት ዑራኤል ሄደው ቆሙ፤ ተመልሰው የሰው በርበሬ መደለዝ ጀመሩ። እያገዝኳቸው ሁለታችንም ዓይናችን ያነባ ነበር። «የዘንድሮ በርበሬ ክፉ ነው» አሉ። «ክፉ ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ባቦጋያ አልሄድኩም። ካሜራዬን ሸጥኩት፤ አሁን ያለኝን የገዛሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም ዛፍና ሕንፃ እንጂ ሰው አያነሳም። አጎቷ ሲሞቱ ቤቷን ለእሷ ተናዘዙላት፤ ስለዚህ አሁን ቤቷ የእውነት የእሷ ናት። ውሸቷን ጊዜ እውነት አደረገላት ልበልሽ? አጎትየው ከመሞታቸው በፊት አንድ ጊዜ በታክሲ ካዛንቺስ መጥተው እናቷን፣ «እህቴ፣ ያን ቀን አፌን ምን እንደያዘኝ አላውቅም» ብለው ጉልበታቸው ላይ ሊወድቁ ነበር። እናቷ አንስተው ምሳ አበሏቸው።

የእኛም ግቢ ፈረሰ። አሁን በዚያ ሳልፍ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የመብራት ምሰሶ ነው የማየው፤ ገመዱ የተወጠረበት አጥር የቱ ጋ እንደነበረ እንኳ መለየት አልችልም። እናቷ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አንደኛ ፎቅ። በርበሬ ማስጫ የለውም። ለበዓል ከልጃቸው የተላከ ሾፌር ዘይትና ስኳር ያደርስላቸዋል። ልጃቸው ትደውላለች፤ እሳቸው ስልኩን አንስተው ሲያወሩ፣ ወዲያ በኩል ሰው አጠገቧ እንዳይኖር እየፈሩ በሹክሹክታ ነው። ሹክሹክታውን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። ልጅ ወልዳለች፤ ሴት። አያቷ ግን አላዩዋትም። «አሁን ምን ብዬ ነው የምሄደው?» ይሉኛል። «ለዛሬ ነው የመጣሁት ያልኩ ሰው።» ያን ቀን ልጃቸውን ለማዳን ያሉት ቃል ነው እስከ ዛሬ በሩን የዘጋባቸው።

እኔን ከፔጁ ዘግታኛለች። ከዚያ ጸብ በኋላ ነው። ስለዚህ በማንም የማይታወቅ ስም፣ የአበባ ሥዕል ለጥፌ፣ ሌላ አካውንት ከፈትኩ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቷ ጋ እሄዳለሁ። ምሳ እንበላለን። ከዚያ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፤ እኔ ስልኬን ከፍቼ እሰጣቸዋለሁ። ሕፃኗ በረንዳው ላይ ስትድህ፤ ሕፃኗ ቆማ መሰላሉን ስትይዝ፤ ሕፃኗ ሐይቁ ዳር ጎንበስ ብላ እጇን ስትነክር። ጎበዝ ሰው ነው የሚያነሳት፤ ብርሃኑን ያውቅበታል። አያቷ በሁለት ጣታቸው እያሰፉ ያዩዋታል። «አፍንጫዋ የአያቷ ነው፤ የሟቹ። የልጄን አባት ማለቴ ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን ከሥር ያለችውን ልብ እያሳዩ፣ «ይቺ ምንድናት?» አሉኝ። «ወደድኩት ማለት ነው» አልኳቸው። «ሲነኩት ይቀላል።» ከዚያ ወዲህ አንዷንም ፎቶ ሳይነኩ አያልፉም። ስንት ሺህ ሰው የነካው ነው፤ እሷ የእናቷን ከማን ለይታ ታየዋለች?

ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ ስክሪኑን እንዳያሳምሙት የፈሩ ይመስል ቀስ ብለው ይነኩታል። እስኪቀላ ይጠብቃሉ። ከዚያ ቀና ብለው ያዩኛል።

«ደረሳት?» ይሉኛል።

«ደርሷታል እማማ» እላቸዋለሁ።